ትራሱ ውስጥ የቀረው ዲፕሎማ

ርዕሰ መምህርቷ ሰብለወንጌል በጠዋቱ ስብሰባ ላይ «ዋናውን» ስትል መምህርት እንዳለች ቶሌሳ ትዝ ያላት ወረቀት አልነበረም፤ ትራስ ነው። ከአረንጓዴ የዩኒፎርም ጨርቅ የተሰፋ፣ አንደኛው ጥጉ በነጭ ክር የተጣፈ ትራስ። ወዲያው ደግሞ ያንን ትራስ በገዛ እጇ ወስዳ ለማን እንደ ሰጠችው ትዝ አላት። የሚባለውን እየጻፈች ነበርና እስክሪብቶዋ ባለበት ቆመ።

የሚባለው አጭርና ግልጽ ነበር። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የሚሠራ ሰው በየቦታው ስለ በዛ የመምህራን ሁሉ ማስረጃ እንደ አዲስ ይጣራል። እያንዳንዱ መምህር ዋናውን ዲፕሎማ ያቀርባል፤ ኮሚቴው አይቶ ወደ ተማረበት ኮሌጅ ይልከዋል፤ ኮሌጁ የእኔ ነው ወይም አይደለም ብሎ ይመልሳል። ፎቶ ኮፒ አይታይም። የጠፋበት ሰው ከኮሌጁ ምትክ ያስወጣ። ከገና በፊት ይህን ያላደረገ ከሥራና ከደመወዝ ይታገዳል።

ከስብሰባው ሲወጡ የሒሳብ መምህሩ በዕውቀቱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ከሜክሲኮ የኮምፒውተር ቤቶች የተመረቃችሁ ንስሐ ግቡ፣ ሰዓቱ ደርሷል እያለ ያስቅ ነበር። እንዳለች አልሳቀችም። ከወጣትነቷ ጀምሮ አብነት ሰፈር በሚገኘው በዚህ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ስታስተምር ኖራለች። አላገባችም፤ አልወለደችም። የሰፈሩ ጎልማሳ አብዛኛው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ያነበበው እሷ አጠገብ ቆሞ ነው። መንገድ ላይ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለበያጁም፣ ለአትክልት ሻጯም፣ ለታክሲ ረዳቱም «ቲቸር» ናት። ጡረታዋ እየተቃረበ ነበር። ከዚያ ወረቀት በቀር መምህር ስለ መሆኗ የሚመሰክር ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ወረቀቱ ትራስ ውስጥ የገባው በእናቷ በእማማ ፋዮ ብልሃት ነው። ከዓመታት በፊት አሮጌው የልደታ ሰፈር ሲፈርስ፣ እማማ ፋዮ እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻቸውን ዕቃ ሊያግዙ ሄደው አንድ ነገር አስተውለው ተመለሱ። ሰው ሲያጣድፉት መጀመሪያ ብድግ አድርጎ የሚያወጣው ፍራሹንና ትራሱን ነው። ሳጥን ስለሚከብድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከኋላ በቀረው ላይ ግድግዳ ይወድቅበታል። የዘመዳቸው የሠርግ ፎቶና የልጆቿ የክርስትና ወረቀት በዶዘር ከጭቃው ጋር ሲገፋ በዓይናቸው አይተዋል። የእነሱም የቀበሌ ቤት ይፈርሳል መባል ከጀመረ ቆይቶ ነበርና፣ በዚያው ሳምንት እንዳለችን ጠርተው ዲፕሎማሽን አምጪ አሏት። በላስቲክ ጠቀለሉት። ከዩኒፎርም የተረፈ ጨርቅ ፈልገው ትራስ ሰፉ፤ ጥቅሉን ጥጡ መሃል ከተቱት። ስፌቱን ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣

«በይ፣ መጥተው ቢያፈርሱትም ዲግሪሽ ከእኔ ራስ ጋር ይወጣል» አሉ።

እንዳለች ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አለመሆኑን ነገረቻቸው። ለእሳቸው ያው ነበር።

ቤቱ አልፈረሰም። በየዓመቱ ይፈርሳል ይባላል፤ በየዓመቱ ይተርፋል። እማማ ፋዮ በተገላበጡ ቁጥር ትራሱ ውስጥ ያለው ላስቲክ ይንኮሻኮሻል፤ ጠዋት ሲነሡ፣ ዛሬም ሌሊቱን ሙሉ ስታስተምሪኝ አደርሽ፣ ግን አንድም አልገባኝ እያሉ ልጃቸውን ያስቋት ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ቀልዱ ቀረ። ድምፁንም ቤቱ ለመደው። ትራሱ እንደ ማንኛውም ትራስ ሆነ።

እማማ ፋዮ ባለፈው ግንቦት በዚያው ትራስ ላይ ዐረፉ። ረጅም ጊዜ ተኝተው ነበርና እንዳለች ከቀብር መልስ አልጋውን ማየት አቃታት። የሟች መኝታ ደግሞ ቤት ውስጥ አይከርምም፤ ለነፍሳቸው ይሆን ዘንድ ለነዳያን ይሰጣል። በሣልስቱ ዕለት ወንድሟ ደገፋ ፍራሹን ተሸከመ፤ እሷ ብርድ ልብሱንና ትራሱን አቅፋ ተከተለችው። ልደታ ማርያም አጥር ሥር ካርቶን አንጥፋ ሕፃን ልጅ ያስተኛች ወጣት ሴት ነበረች። ደገፋ ፍራሹን አጠገቧ አወረደ። እንዳለች ጎንበስ ብላ የልጅቷን ራስ ቀና አደረገችና ትራሱን ከሥሩ አስገባችላት። ሴትየዋ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልዎት አለች። ስሟን አልጠየቀቻትም። ለነፍስ የሚሰጥ ሰው የተቀባዩን ስም አይጠይቅም፤ እንዲህ ነው የለመዱት።

ሲመለሱ ደረቷ ቀለል ብሏት እንደ ነበር ታስታውሳለች። ትራሱ እቅፏ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ መስማቷንም ታስታውሳለች። ሰምታ ምንም አላሰበችም።

አሁን ስታስበው እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነበር። ለደገፋ ስትነግረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘና፣ ሰው ያለቅሳል እንጂ ትራስ ይፈትሻል እንዴ አላት። ሊያጽናናት ነበር። ደገፋ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ የቢሮ ጉዳይ የሚያልቅበትን መንገድ አውቃለሁ የሚል ዓይነት ሰው። ምትክ ማውጣት ቀላል ነው አለ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ጠፋ ማስባል፣ ጋዜጣ ላይ ማሳወጅ፣ ኮሌጁ ሄዶ መቀበል።

ፖሊስ ጣቢያ መዝጋቢው ልጅ እግር ነበር። የት እንደ ጠፋባት ጠየቃት። እንዳለች መዋሸት አልለመደችምና የሆነውን ሁሉ ከግንቦት ጀምራ ነገረችው። ልጁ ሲያዳምጥ ቆይቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ይኼ እኮ ጠፋ አይባልም። ሰጠሁ ነው የሚባለው።»

«ሳላውቅ ነው የሰጠሁት።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን ሰጠሁ ብዬ ብጽፍልዎት ማንም ምትክ አይሰጥዎትም።» አንገቱን አዙሮ ከኋላው ሰው አለመኖሩን አየና፣ ከቤት ወደ ሥራ ሲሄዱ ከእጅ ቦርሳቸው ወድቆ ብሎ ጻፈ። አንብበው ይፈርሙ አላት። አንብባ ፈረመች። በሕይወቷ ስትዋሽ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የፈረመችውም እውነቱን ለማስመለስ ነው።

ኮሌጁ ያለው በሰሜን በኩል በአንዲት ሩቅ ከተማ ነው። እንዳለች በወጣትነቷ በምደባ ደርሷት እዚያ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ተመልሳ አታውቅም። ከአውቶቡስ ተራ በሌሊት ተሳፍራ፣ መንገድ ላይ አድራ፣ በማግስቱ ደረሰች። የኮሌጁ በር ላይ የነበረው የመምህርና የተማሪ ሐውልት ግማሹ ብቻ ቀርቷል፤ ተማሪው የለም። የምዝገባ ክፍሉ ኃላፊ አቶ አስፋው የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ከእሷ የማይርቅ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የፖሊስ ማስረጃዋን፣ የጋዜጣውን ቁራጭና ፎቶ ኮፒዋን ተራ በተራ አዩና የተመረቀችበትን ዓመት ሲያነብቡ ወረቀቶቹን መልሰው አንድ ላይ ደረደሯቸው። ተነሥተው ይምጡ አሏት።

ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ክፍል ከፈቱላት። መደርደሪያዎቹ ቆመዋል፤ ላያቸው ላይ ምንም የለም። ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ጦርነቱ ከተማዋ የገባ ጊዜ ኮሌጁ የወታደር ማደሪያ ሆኖ ነበር፤ ወቅቱ ክረምት ነው፣ ማገዶ አልነበረም። የድሮ ተመራቂዎች መዝገብ ደግሞ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ጥሩ ይነዳል። አቶ አስፋው ይህን የተናገሩት ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ተናግረውት ነበር።

እንዳለች ፎቶ ኮፒው ላይ ያለው ማኅተም የኮሌጁ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። የኮሌጁ ነው አሉ። ፊርማውስ? የድሮው ዲን ፊርማ ይመስላል፤ ዲኑ ግን ሞተዋል። ታዲያ እዚህ ተምራለች ብለው ቢጽፉልኝስ? አቶ አስፋው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ እኔ አምንዎታለሁ። የሚጠይቁኝ ግን ማመኔን አይደለም፤ መዝገቡን ነው። የእርስዎን ዓመት ማረጋገጥ የምንችለው ዋናው ዲፕሎማ ሲመጣልን ብቻ ነው፤ ወረቀቱንና ደረቅ ማኅተሙን እናውቀዋለን። ዋናውን ካመጡልኝ ምትኩን ዛሬውኑ እሰጥዎታለሁ።»

የተናገሩት ነገር ለራሳቸውም ተሰማቸው መሰል ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያዎቹ አዞሩ። ሻይ ልጋብዝዎት አሏት። ጠጥታ ተመለሰች።

ስለዚህ የቀረው ትራሱን መፈለግ ነበር። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ የልደታ ወርኃዊ በዓል ነውና ነዳያኑ ሁሉ በሚሰበሰቡበት ጠዋት ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ደጃፉ ሄደች። ሴትየዋ የነበረችበት የአጥር ሥር ተቆፍሮ አዲስ ንጣፍ ተነጥፎበታል፤ አበባ ተተክሏል። ነዳያኑ ወደ ማዶ ተሻግረው ተደርድረዋል። እንዳለች ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች፣ ሕፃን ልጅ ያላት፣ ግንቦት ላይ እዚህ የነበረች፣ ፍራሽና አረንጓዴ ትራስ የተሰጣት እያለች ጠየቀች። ከመሃል ክራንች የያዘ ሰውዬ ሲሰማት ቆየና፣

«ምነው፣ የሰጠሽውን ልትቀበይ መጣሽ?» አለ።

ሳቁ። አንዲት አሮጊት ቀጠል አድርገው፣ ከነፍስ ላይ የሚበደር ሰው ገና ዛሬ አየሁ አሉ። እንዳለች ፊቷ ጋለ። ያልጠበቀችው ነገር አልነበረም። በአውቶቡስ ስትመለስ እሷም ይህንኑ ስታስብ ነበር፤ ለእናቷ ነፍስ የሰጠችውን መልሳ ብትወስድ ለእናቷ ምን ይቀርላቸዋል? ትራሱን ፈትታ ወረቀቱን አውጥታ መልሳ ትሰፋዋለች፤ አዲስ ትራስም ትጨምርበታለች። እንዲህ ብላ ከራሷ ጋር ተስማምታ ነበር የመጣችው። ይህን ግን ለሚስቅ ሰው ማስረዳት አልቻለችም። ከረሜላ በሳህን ይዛ የምትሸጥ አንዲት ሴት አዘነችላት መሰል፣ የማሂን እናት ነው የምትፈልጊው ብላ ነገረቻት። ቦታው ሲነሣ ወደ አብነት፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ሄዳለች።

ብየዳ ቤቶቹ ውስጥ የሚሠራው ቤካ የእንዳለች ተማሪ ነበር። ዛሬ ጢም አውጥቷል፤ የበር ፍሬም ላይ ተደፍቶ ሲበይድ አገኘችው። ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገ።

«ቲቸር! ዛሬ ክፍል የለም እንዴ? ፎረፍሽ?»

የማሂን እናት አለችው። ፈገግታው ቀነሰና በእጁ ወደ ኋላ አመለከታት፤ ያውና ያ ቆርቆሮ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጀሪካን ያለበት። ሌላ ነገር ሊጨምር ብሎ ተወው።

ቆርቆሮው ሥር ሴትየዋ ብቻዋን ተቀምጣ ጨርቅ ታጥባለች። ግንቦት ላይ ካየቻት ይልቅ ከስታለች። እንዳለችን ወዲያው ለየቻት፤ እጇን ቀሚሷ ላይ አብሳ ብድግ አለችና ጀሪካኑን አዙራ ይቀመጡ አለቻት። እንዳለች ውስጡን በዓይኗ ፈተሸች። የእማማ ፋዮ ብርድ ልብስ አንድ ጥግ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ፍራሽ የለም። ከሱ ሌላ ድስት፣ ካርቶንና ፌስታል። ስለ ትራሱ ልትጠይቅ የመጣች መሆኗን እንዴት እንደምትጀምረው ጠፋትና በቀጥታ፣ ትራሱን ታስታውሺዋለሽ አለቻት።

«አረንጓዴውን? እንዴት እረሳዋለሁ፣ እናቴ። ማሂ ያለሱ አትተኛም ነበር። ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለው፣ እኔ ገለባ መሰለኝ። ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጠዋለች። ዝናብ ነው ትለኛለች።»

እንዳለች ወደ ፊት ተጠጋች። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ማንም አልፈታውም፤ ማንም አላየውም። ያን ጊዜ ነው ልጅቷስ የት ናት ብላ የጠየቀችው።

ሴትየዋ የምታጥበውን ጨርቅ ጨመቀችው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ቆርቆሮው ያፈስ ነበር። ሳል ነው የጀመራት። ጤና ጣቢያ ወስዳት መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ሁለተኛ ስትወስዳት ወደ ሆስፒታል ብለው ጻፉላት፤ ጠዋት ሆስፒታሉ ሳይደርሱ አለፈች። እነ ቤካ ገንዘብ አዋጥተው ቀበሩላት። ይህን ሁሉ ጨርቁን እያየች ተናገረችና ቀና አለች።

«ፍራሹንም ትራሱንም ሰጠኋቸው። እርስዎ ለእናትዎ እንዳደረጉት እኔም ለልጄ አደረግኩ። ብርድ ልብሱን ብቻ ብርዱን ፈርቼ አስቀረሁት። ኃጢአት ይሆንብኝ?»

«አይሆንም» አለች እንዳለች። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማት። «ትራሱን ለማን ሰጠሽው?»

«እኔ እንጃ። ልጅ ያዘለች ሴት ናት፣ ከሩቅ አገር የመጣች። መንገድ ላይ አየኋትና ሰጠኋት። በዚያው ሄደች። ስም አልጠየቅኳትም፤ ይጠየቃል እንዴ?»

እንዳለች አይጠየቅም አለች። ሴትየዋ ምን ኖሮበት እንደሆነ ጠየቀቻት። እንዳለች ቀይ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብላ ሴትየዋን አየቻት። ብትነግራት ሴትየዋ የምትሸከመው ሌላ ሸክም ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን አይመለስም።

«ምንም የለበትም። የእናቴ ስለሆነ ናፍቆኝ ነው።»

«ቢኖር እሰጥዎት ነበር» አለች ሴትየዋ።

ስትወጣ ቤካ ሥራውን አቁሞ እየጠበቃት ነበር። አገኘሻት ሲላት፣ አግኝቻታለሁ አለችው። አልቆመችም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ደገፋ ያዘው። አንድ ምሽት ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ከጃኬቱ ኪስ ፖስታ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ሜክሲኮ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ አለ። ፎቶ ኮፒውን ሲያሳየው ሰውየው ከየት አመጣኸው ሳይል ሠራለት። እንዳለች ፖስታውን ከፈተች። ስሟ ነው፤ ፎቶዋ ነው፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያበጠረችበት የወጣትነት ፎቶዋ። የዲኑ ፊርማ፣ ማኅተሙ፣ በጣት ሲዳስሱት የሚሻክረው ደረቅ ማኅተም ሳይቀር። ወረቀቱ ነጭና ንጹሕ ነው፤ ከዋናው ያምራል።

ደገፋ እንደማትወስደው ጠርጥሮ ነበርና ቀድሞ ተዘጋጅቶበታል። «የሰው አይደለም እኮ ያሠራሁት» አላት። «የራስሽን ነው። ተምረሽ የለም ወይ? ተመርቀሽ የለም ወይ? ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ?»

እንዳለች ውሸቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ፈልጋ ማግኘት አልቻለችም። ፖስታውን አልመለሰችለትም። ቦርሳዋ ውስጥ አደረገችውና ገና እስኪቃረብ ድረስ እዚያው ይዛው ስትመላለስ ሰነበተች። ክፍል ውስጥ ቦርሳዋን ወንበሯ ላይ ሳይሆን እግሯ ሥር ማስቀመጥ ጀመረች።

ኮሚቴው የተቀመጠው በቤተ መጻሕፍቱ ነው። መምህራኑ ተሰልፈው ገቡ። ሰብለወንጌል ጠረጴዛው ጥግ ላይ ሆና የእያንዳንዱን የግል ማኅደር ታቀብላለች። ከእንዳለች ፊት የቆመው በዕውቀቱ ነበር፤ ያን ዕለትም ሲቀልድ ነው የገባው። ዲፕሎማውን አስረከበ። ከኮሚቴው አንዱ ወረቀቱን ሰማያዊ መብራት ባላት ትንሽ መሣሪያ ሥር አደረገው፤ አንድ ጊዜ አገላበጠው፤ ከዚያ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ሳይሆን ለብቻው አስቀመጠው። በዕውቀቱ ቀልዱን ሊጨርስ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። እጁ፣ ወረቀቱን የሰጠበት እጁ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተዘረጋ ነበር።

«መምህርት እንዳለች» አለች ሰብለወንጌል።

እንዳለች ቦርሳዋን ከፈተች። የፖስታው ጫፍ ጣቷን ነካት። ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር ከዚያ ወዲህ ደጋግማ አስባበት አልለየችውም። ቦርሳውን መልሳ ዘጋችው።

«የለኝም» አለች።

«ምትኩስ፣ እትዬ እንዳለች? ኮሌጁ ድረስ ሄደው አልነበረም?»

«ኮሌጁም የለውም።»

ሰብለወንጌል ወደ ኮሚቴው ዞር ብላ እኔ እመሰክራለሁ፣ እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው ማለት ጀመረች። ሰብሳቢው በጨዋነት አስጨርሷት፣ ምስክርነት በዝርዝሩ ውስጥ የለም አለ። ማኅደሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። የሚቀጥለው ሰው ተጠራ።

እንዳለች በዚያው ዕለት ወደ ክፍሏ ተመልሳ የቀረውን ሰዓት አስተማረች። ንባብ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሡ አነበቡ፤ የሳቱትን አረመች። ደወል ሲደወል ጠመኔውን ሳጥኑ ውስጥ መለሰች፤ ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው ቻው ቲቸር እያሉ ወጡ። ፖስታውን ማታ ቤቷ ከሰል ላይ አቃጠለችው። ቀለሙ ይሆን ወረቀቱ፣ የሚያቅለሸልሽ ሽታ ነበረው።

የታገዱት ስም ዝርዝር በገና ዋዜማ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ርዕሱ «የትምህርት ማስረጃቸው ያልተረጋገጠ መምህራን» ይላል። ሐሰተኛ ያቀረበውና ምንም ያላቀረበው በአንድ ላይ ተጽፏል፤ የበዕውቀቱ ስም ካለበት ዝቅ ብሎ የእሷ ነው። ወላጆች ቆመው ያነብባሉ። ከእነሱ ብዙዎቹን ማንበብ ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ በደንብ ነው የሚያነቡት። ለወረዳው አቤቱታ አስገባች። ሰብለወንጌል የራሷን ደብዳቤ ጨመረችበት። እስካሁን መልስ የለም። ቤቷ ልጆች ሰብስባ ለማስጠናት ሞክራ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው የነበሩት በሁለተኛው ቀሩ። አንዷ እናት መንገድ ላይ አግኝታት ይቅርታ አትቀየሚኝ፣ ባለቤቴ ነው እምቢ ያለው አለቻት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በብየዳ ቤቶቹ በኩል ስታልፍ ቤካና ጓደኞቹ በር ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። ቤካ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ መሆኑን አየ። ዝም ብሎ ሊያሳልፋት አልፈለገም፤ ሰውን ማሳቅ እንጂ ማጽናናት አያውቅበትም።

«ቲቸር፣ አንቺም ፎርጅድ ነሽ አሉ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ ሳቁ። «ታዲያ የእኔ ሀሁ ምን ሊውጠው ነው? እሱም ሊታገድ ነው?»

እንዳለች ቆመች። «አንተ ድሮም አጥንተህ አታውቅ» አለችው፤ «ምንህ ይታገዳል?»

አሁን ይበልጥ ሳቁ። አንዱ ቤካን ጀርባውን መታው። ቤካ ከሳቁ መሃል ተነሥቶ እጁን ታጥቦ መጣና ነይ ብዪ ቲቸር፣ ፈሪ አትሁኚ ብሎ አጎረሳት። ጎረሰች። አመሰገነችው። ጥጉን እስክትዞር ድረስ ፊቷ ላይ ፈገግታው ነበር፤ ስትዞር የቆርቆሮውን አጥር ይዛ ቆመች።

አሁንም ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ማርያም ትስማለች። ከቅዳሴ ስትወጣ ማዶ በተደረደሩት ነዳያን ፊት በዝግታ ትሄዳለች፤ ያላትን ሳንቲም ለሁሉም ለማዳረስ ትሞክራለች። ባለ ክራንቹ ሰውዬ ለምዷታል፤ ዛሬም አላገኘሽውም ይላታል፣ አሁን ሳይስቅ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ፣ በባቡሩ ድልድይ ሥር፣ ሰው ባደረበት ሁሉ ታልፋለች። ድሮ ስትመጸውት የሰውየውን ዓይን አይታ ነበር የምትሰጠው። አሁን ፊታቸውን አታይም። የምታየው ራሳቸውን ያሳረፉበትን ነው።